አራት ነጥብ በኮምፒውተር፦ «።»፣ «፡፡» ወይስ «::»?

ከዚራም ይሁን ሳቢያን፣ ድሬዳዋ ውስጥ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ገብተው ማመልከቻ ቢያስጽፉ፣ የሚሰጥዎ ወረቀት ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በአራት ነጥብ ተዘግቶ ያገኙታል። ወረቀቱ የታተመበት ፋይል ውስጥ ግን ያ ምልክት ከሦስት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፦ ራሱን የቻለው አራት ነጥብ «።»፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሁለት «፡»ዎች፣ ወይም ከላቲኑ ኪቦርድ የተወሰዱ ሁለት ኮለኖች። በወረቀት ላይ ልዩነታቸውን አብዛኛው ሰው አያስተውለውም። ፋይሉ በቴሌግራም ወደ ሐረር ሲላክ፣ እዚያ ሌላ ሰው ሲያርመው፣ ከዓመት በኋላ አንድ ቃል ሲፈለግበት ወይም ለትርጉም ፕሮግራም ሲሰጥ ግን ሦስቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር። ጽሑፉ በፋይልነቱ የሚኖር ከሆነ፣ ማለትም የሚላክ፣ የሚታረም፣ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ትክክለኛው «።» ብቻ ነው። «፡፡» የሚታገሡት ነገር ነው እንጂ የሚመርጡት አይደለም። «::» በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም። አንድ ላቲን ኮለን ከ«፡» የሚሻልበት ሥራ ግን አለ፤ እሱም የሰዓት ሠንጠረዥ ነው፤ በቦታው እመለስበታለሁ።

ከቅርጹ ጀርባ ያለው ቁጥር

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው፤ ነጥቦቹን የሚስለው ፎንቱ ነው። ዓለም በጋራ የሚጠቀምበት የቁጥር መዝገብ ዩኒኮድ ይባላል። የኢትዮጵያ ፊደል እዚህ መዝገብ ውስጥ የገባው በ3.0 እትሙ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር፣ ማለትም ከአሥር ይልቅ በአሥራ ስድስት አኃዝ በሚቆጥረው የኮምፒውተር ሰዎች አቆጣጠር፣ «ሀ» 1200 ላይ ይጀምራል። ሥርዓተ ነጥቦቻችን ደግሞ አንድ ሰፈር ውስጥ ተከታትለው ተቀምጠዋል፦ «፡» 1361፣ «።» 1362፣ «፣» 1363፣ «፤» 1364፣ «፥» 1365፣ «፦» 1366፣ «፧» 1367፣ «፨» 1368። የላቲኑ ኮለን ከዚህ ሁሉ በጣም ርቆ፣ በተለመደው የአሥር ቤት አቆጣጠር 58 ቁጥር ላይ ይገኛል።

መዝገቡ ቁጥር ብቻ ሰጥቶ አልተወም፤ ለየምልክቱ ጠባይም መድቦለታል። 1361 የተመዘገበው ቃልን ከቃል የሚለይ ምልክት ተብሎ ነው፤ በብራና መጻሕፍት የነበረው የጥንት ሥራው ነውና ትክክል ነው። 1362 ደግሞ ዓረፍተ ነገር ከሚዘጉ ምልክቶች ተርታ ተቆጥሯል። ስለዚህ ጽሑፍን በዓረፍተ ነገር እየቆራረጠ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ተርጓሚም ይሁን ለዓይነ ስውራን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ፣ «።» ሲያገኝ ሐሳቡ እንዳለቀ የሚያውቅበት ምልክት አለው። «፡፡» ሲያገኝ በመዝገቡ መሠረት ያየው ሁለት የቃል መለያዎችን ነው፤ ተጨማሪ ትምህርት ካልተሰጠው በቀር አንዱን አንቀጽ በሙሉ እንደ አንድ የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ሊወስደው ይችላል።

«ኮምፒውተሩ ራሱ አንድ ያደርጋቸዋል» ብሎ መተማመንም አይቻልም። ዩኒኮድ በሁለት መንገድ የሚጻፉ አንዳንድ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣበት ደንብ አለው፤ ለምሳሌ የፈረንሳይኛን ባለ ጭረት ፊደሎች። «፡፡»ን ወደ «።» የሚመልስ ግን በዚያ ደንብ ውስጥ የለም። ስለዚህ ፋይል ውስጥ «ነው።» ብለው ሲፈልጉ «ነው፡፡» አይወጣልዎትም። አንድ ሰነድ ሁለት ሰዎች ከጻፉት፣ አንዱ በዚህኛው ሌላው በዚያኛው፣ «ፈልግና ተካ» የሚለው መሣሪያ ግማሹን አርሞ ግማሹን ይተወዋል፤ ያረመው ሰው ግን ሁሉን የጨረሰ ይመስለዋል። ከሁሉ የማዝንበት ጉዳት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ማንም ሳያየው ያልፋል።

ስለ ቦታ ቁጠባም የሚነሳ ክርክር አለ። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ «።» 3 ባይት፣ «፡፡» 6 ባይት፣ «::» 2 ባይት ይይዛሉ። ከዚህ ተነሥቶ የላቲኑ ይቀላል የሚል ሰው በስልክ አጭር መልእክት ላይ ሒሳቡ ይፈርስበታል። መልእክቱ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ፊደል ልክ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ምልክትም፣ ላቲን ይሁን ግዕዝ፣ ከ70ው አንዱን ይበላል። «።» አንድ ይወስዳል፤ ሁለቱ ሌሎች ሁለት ሁለት ይወስዳሉ። ለአባላቱ የስብሰባ ጥሪ በአጭር መልእክት የሚልክ የዕድር ጸሐፊ ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል።

ለ«፡፡» የሚቀርበው መከላከያ

«፡፡» ለሚመርጡ ሰዎች ፍትሐዊ መሆን ይገባል፤ ምክንያት አላቸው። አንደኛ፣ በአንዳንድ ፎንቶች «።» ነጥቦቹ በጣም ተጠጋግተው ይሳላሉ፤ በትንሽ መጠን ሲታተም፣ በተለይ የማተሚያው ቀለም ሲያልቅ ወይም ወረቀቱ ተደጋግሞ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ፣ ወደ ጥቁር ጉብታ ይለወጣል። «፡፡» ሰፋ ብሎ ስለሚቀመጥ ይነበባል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ መጻፍ የለመዱት ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በነበሩ ፕሮግራሞች ነው፤ ጣት የለመደውን በቀላሉ አይተውም። ሦስተኛ፣ «፡»ን ሁለቴ ሲነኩ ወደ «።» የማይለውጡ ኪቦርዶች አሉ።

ለመጀመሪያው ችግር መፍትሔው ፎንት መቀየር ነው። ኒያላ፣ ኤብሪማ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ሁሉም «።» አላቸው፤ አሳሳላቸው ግን ይለያያል። አንድ አጭር አንቀጽ በአራቱም አሳትመው፣ ያንኑ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገው ያወዳድሩ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ደግሞ የኪቦርድ ምርጫ መልስ አለው።

በእጅዎ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ

ዓይን ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ጠቋሚውን ከምልክቱ በስተቀኝ አቁመው የግራውን ቀስት አንድ ጊዜ ይጫኑ። ጠቋሚው አራቱንም ነጥብ በአንድ እርምጃ ካለፈ «።» ነው። መሐል ላይ ከቆመ ሁለት ምልክቶች ናቸው። ሁለቱ የግዕዝ ይሁኑ የላቲን ለመለየት ዎርድ ውስጥ ጠቋሚውን ከምልክቱ ኋላ አድርገው አልትና ኤክስን አብረው ይጫኑ፤ ምልክቱ ወደ ቁጥሩ ይለወጣል። 1362 ከታየ ጥሩ፣ 1361 ከታየ የግዕዙ ሁለት ነጥብ፣ ሌላ ነገር ከታየ የላቲኑ ኮለን ነው። ደግመው ሲጫኑት ወደ ቦታው ይመለሳል። ሊብሬ ኦፊስም ይህንኑ ያደርጋል።

የመጻፊያ መንገዶቹ ሲነጻጸሩ

ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የራሱን የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጥቷል። ትልቁ ጥቅሙ ምንም መጫን የማይጠይቅ መሆኑ ነው፤ ከቅንብሩ ውስጥ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ እንግዳ ፕሮግራም መጫን ለተከለከለ ሠራተኛ፣ ወይም በየቀኑ በሌላ ሰው ማሽን ላይ ለሚጽፍ፣ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። አጻጻፉ ግን ሌላ ፕሮግራም ለለመደ ሰው ይጎረብጣል። አንድ ሳምንት ታግሦ መልመድ ያስፈልጋል።

ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በስልክ ላይ ይሠራል። በላዩ የሚጫነው የአማርኛ ኪቦርድ ኮለኑን አንድ ጊዜ ሲነኩት «፡» ይጽፋል፤ ወዲያው ሲደግሙት የመጀመሪያውን አንሥቶ በቦታው አንድ «።» ያስቀምጣል። ጣትዎ የለመደው ያው ሁለት ንክኪ ነው፣ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው ግን ትክክለኛው ምልክት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ታይፒስትና ለመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ቤትም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ ስልክም ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ መኖሩ ብዙ ድካም ያድናል።

ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቆዩ ፕሮግራሞች በዘመናቸው ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል፤ አማርኛ ኮምፒውተር ላይ የቆመው በእነሱ ጭምር ነው። ዛሬ አዲስ ሰነድ ሊጀምሩባቸው ግን አይገባም። አሠራራቸው የላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የአማርኛ ቅርጽ መሳል ነበር፤ ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ ፋይሉ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይወጣል። ጀጎል ውስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ድሬዳዋ ላይ የማይነበብ ከሆነ፣ አራት ነጥቡ ብቻ ሳይሆን ደብዳቤው ሁሉ ጠፍቷል። የቆየ መዝገብ ያለው መሥሪያ ቤት በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ያዙረው፤ ሲያዞር ከፊደላቱ ይልቅ ሥርዓተ ነጥቡንና አኃዞቹን አስቀድሞ ይመርምር፣ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ነውና።

በቁጥር መጻፍ አማርኛ ኪቦርድ በሌለበት ማሽን ላይ አንድ ሁለት ምልክት ለማስገባት ይረዳል። ዎርድ ውስጥ 1362 ጽፈው አልትና ኤክስን ሲጫኑ «።» ይወጣል። ዓረፍተ ነገሩ በአኃዝ ካለቀ፣ ለምሳሌ በዓመተ ምሕረት፣ ቁጥሩ ካለው ቁጥር ጋር ተጣብቆ ሌላ ምልክት ሊያወጣ ስለሚችል 1362ን ብቻ በማውዝ መርጠው ይጫኑ። ሊኑክስ ላይ በብዙ ፕሮግራሞች ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩን አብረው ተጭነው 1362 ይጻፉና ያስገቡ። ለድረ ገጽ ጸሐፊ ደግሞ በአሥር ቤት ቁጥሩ ። ብሎ መጻፍ ይቻላል። አልትን ተጭኖ በጎን ባለው የቁጥር ሰሌዳ 4962 መምታት በአንዳንድ ፕሮግራም ይሠራል፣ በሌላው የማይገናኝ ምልክት ያወጣል፤ አልመክረውም።

ስልክ ላይ ጉዳዩ ቀላል ነው። ብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች ለ«።» የራሱን ቁልፍ ሰጥተውታል። እዚያ «፡፡» የሚጽፍ ሰው ቁልፉን ስላላየው ብቻ ነው።

በአንድ ገጽ ሦስት ቋንቋ

የድሬዳዋና የሐረር ታይፒስት ከአዲስ አበባው የሚለይበት ነገር አለ። አንድ ማስታወቂያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ተደርድሮ ሊወጣ ይችላል፤ ሁለቱ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ እዚህ ኪቦርድ ሲመረጥ «ምን ያህል በፍጥነት ይቀያየራል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። የዊንዶውሱ ኪቦርድም ኪይማንም በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ይቀያየራሉ፤ በዚህ እኩል ናቸው።

እዚህ ላይ «::» በብዛት የሚወለድበትን ምክንያት ያገኙታል። ታይፒስቷ የኦሮምኛውን አንቀጽ ጨርሳ ወደ አማርኛው ትመለሳለች፣ የረሳችውን አራት ነጥብ ልታስገባ ትሄዳለች፣ ኪቦርዱ ግን ገና ላቲን ላይ ነው። ሁለት ኮለን ይገባል፣ ስክሪኑ ላይ አራት ነጥብ ይመስላል፣ ሥራው ይቀጥላል። ተቃራኒውም ይደርሳል፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ኦሮምኛው ከተገባ ሁዻ የሚባለው የኦሮምኛ ጭረት (') በአንዳንድ የአማርኛ ኪቦርዶች ላይ ሌላ ሥራ ስላለው ሳይጻፍ ይቀራል ወይም ሌላ ነገር ይወጣል። መድኃኒቱ አንድ ቋንቋ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድና በስክሪኑ ጥግ ያለውን የቋንቋ ምልክት ማየት ነው። ፈጣን ታይፒስት ይህን እንደ ትርፍ ሥራ ሊያየው ይችላል፤ በኋላ ምልክት ለቀማ ከሚባክነው ጊዜ ጋር ሲመዘን ግን ኢምንት ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ

ጽሑፍ ውስጥ «ከጠዋቱ 2፡30» ማለት የተለመደና ያማረ ነው። አንድ እንከን ብቻ አለበት፦ ዩኒኮድ ከ«፡» በኋላ መስመር እንዲሰበር ስለሚፈቅድ ሰዓቱ በመስመር መጨረሻ ላይ ሲውል 2 ላይ ቀርቶ 30 ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ላቲኑ ኮለን በአኃዞች መካከል እንዲህ አይሰበርም። ለተራ ጽሑፍ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ «፡» ይቆይ።

የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ ወይም የመኪና መነሻ ሠንጠረዥ በኤክሴል የሚያዘጋጅ ሰው ግን ላቲኑን ኮለን ይጠቀም። ኤክሴል «2፡30»ን የሚያየው እንደ ተራ ጽሑፍ ነው፤ አይደምረውም፣ አይቀንሰውም፣ በሰዓት ቅደም ተከተልም አያስቀምጠውም። በላቲን ኮለን ሲጻፍ ሰዓት መሆኑን ያውቃል። ለሐረር መንገድ የሚነሡትን መኪናዎች በሰዓት መደርደር የፈለገ አስተናባሪ ልዩነቱን ወዲያውኑ ያየዋል። የእኛ ሰዓት ከጠዋት እንደሚጀምር ኤክሴል እንደማያውቅም ያስታውሱ፤ ቀንና ሌሊቱን በሌላ ዓምድ መለየት ያስፈልጋል።

የቆየ ፋይል ሲጸዳ

አስቀድመው ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ «ፈልግና ተካ» ላይ በመጀመሪያ «፡፡»ን በ«።»፣ ቀጥሎ «::»ን በ«።» ይተኩ። አንድ ግዕዝና አንድ ላቲን የተቀላቀሉበትም አለ፤ «፡:» እና «:፡» ሁለቱንም ይፈልጉ። ከዚያ ከ«።» በፊት ያለውን ክፍት ቦታ ያጥፉ፤ «ነው ።» ተብሎ ሲጻፍ አራት ነጥቡ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ወርዶ ሊቀመጥ ይችላል። ከ«።» በኋላ ደግሞ ክፍት ቦታ መኖሩን ይመልከቱ፤ ከሌለ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ቃላት አጣብቆ እንደ አንድ ረጅም ቃል ያንቀሳቅሳቸውና መስመሩ ይጎድላል።

አንድ ነገር ፈጽሞ አያድርጉ፦ ነጠላውን ላቲን ኮለን በሙሉ በአንድ ጊዜ በ«፡» አይተኩ። የድረ ገጽ አድራሻዎች፣ የኦሮምኛውና የሶማሊኛው መስመሮች፣ ሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ይበላሻሉ። እሱን አንድ በአንድ እያዩ ማረም ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች በአጭሩ

«፦» የራሱ ቁጥር ስላለው «፡-» ወይም «:-» ብሎ መገጣጠም አያስፈልግም። «፣» እና «፥» ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው፤ «፥» በመጽሐፍ ቅዱስ እትሞች በብዛት ይታያል፣ በዛሬ ጋዜጣና ደብዳቤ «፣» ይበልጣል። አንዱን መርጠው በሰነዱ ሙሉ ይያዙት። የጥያቄ ምልክትን በተመለከተ «፧» በመዝገቡ ቢኖርም አንባቢ የለመደው «?» ነው፤ «፧»ን ለጥንታዊ ጽሑፍ ይተዉት።

ለማን የትኛው

ማመልከቻና ክስ ለሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ፦ ኪይማን ወይም የዊንዶውሱ ኪቦርድ፣ የትኛውንም ሲጀምር የቀስቱን ሙከራ አንድ ጊዜ አድርጎ። የሚጽፈው ሰነድ ነገ በሌላ ሰው እጅ ይታረማል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ፦ ኪይማን፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ። መቶ ገጽ ከተጻፈ በኋላ ምልክት ማስተካከል አሰልቺ ነው፤ የቡድን ሥራ ከሆነም ሁሉም አንድ ኪቦርድ ይጫኑ።

መጋላ ውስጥ ባነርና የንግድ ሰሌዳ ለሚሠራ ዲዛይነር፦ ፊደሉ ወደ ሥዕል ተለውጦ የሚታተም ስለሆነ ለዓይን ያማረው «፡፡» ከሆነ ባነሩ ላይ ጉዳት የለውም። ደንበኛው ያንኑ ጽሑፍ በቴሌግራም ገጹ ላይ ልለጥፍ ብሎ ሲጠይቅ ግን ከዲዛይኑ ፋይል ቀድቶ አይስጠው፤ በ«።» የተጻፈውን ንጹሕ ቅጂ ለብቻው አስቀምጦ ይላክለት። «።» እያለ ነጥቦቹን ማስፋት ከፈለገም ሰፋ አድርጎ የሚስል ፎንት መምረጥ ይችላል፤ ለሰሌዳ ሥራ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን አስቀድሞ ቢሞክር ይሻላል።